ለማታው ባንኮክ ስትሄዱ ሆቴሉን በኮከቡ አትምረጡት

ጥር ላይ ሦስት ጓደኛሞች ሆነን ባንኮክ ስድስት ሌሊት አድረን ተመለስን። አዲስ አበባ ውስጥ "ባንኮክ ልሄድ ነው" ስትሉ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ "ማን ታመመ?" ብሎ ነው። ካልሆነም "ምን ልታመጣ ነው?" ይላል። ከተማዋን የምናውቃት በሆስፒታሏና በልብስ ገበያዋ ስለሆነ አይፈረድበትም። እኛ ግን የሄድነው ለማታው ነው። ሙዚቃ ለመስማት፣ ለመጨፈር፣ ከረጅም ፎቅ ላይ ሆነን ከተማውን ለማየት፣ እኩለ ሌሊት ላይ መንገድ ዳር ቁጭ ብለን ለመብላት። ገንዘቡን ስናጠራቅም ወደ አንድ ዓመት ፈጅቶብናል፣ ስለዚህ የት ላይ እንደሠራልንና የት ላይ እንደባከነ አንድ በአንድ አስታውሳለሁ።

ዋናውን አስቀድሜ ልናገር። ለእንዲህ ያለ ጉዞ ሆቴል የሚመረጠው በኮከቡ ወይም በቁርሱ አይደለም፣ ማታችሁ የሚያልቅበት ቦታ ላይ ባለው ቅርበት ነው። እኛ ይህንን ያወቅነው ሦስት ሌሊት ካለፈ በኋላ ነው።

ከበረራው ልጀምር። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከአዲስ አበባ ባንኮክ በቀጥታ ይበራል፣ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነው። በዱባይ ወይም በዶሃ ዞሮ የሚሄደውንም አይተን ነበር፣ አንዳንድ ቀን ዋጋው ይቀንሳል። ግን መሀል ላይ የሚጠበቀውን ሰዓት ስትደምሩት አንድ ሌሊት ሙሉ ይበላል፣ ስድስት ሌሊት ብቻ ላለው ሰው ደግሞ ያ ብዙ ነው። እኛ የተሳፈርንበት ማታ ተነስቶ በማግስቱ እኩለ ቀን አካባቢ አደረሰን። ባንኮክ ከኛ በአራት ሰዓት ትቀድማለች። ይሄ ሰዓት ለማታ ሰው ተስማሚ ነው። ሆቴል ትገባላችሁ፣ ሦስት አራት ሰዓት ትተኛላችሁ፣ የመጀመሪያዋ ማታ አታመልጣችሁም። ጠዋት የሚያደርስ በረራ ብትይዙ ኖሮ ክፍል እስኪለቀቅ ከሻንጣ ጋር ሪሴፕሽን ላይ መቀመጥ ነበር፣ ብዙዎቹ ሆቴሎች ከቀኑ 8 ሰዓት በፊት አያስገቡም።

መመለሻው ላይ ግን ተጠንቀቁ። የመመለሻ በረራው እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ የሚነሳ ከሆነ ቀኑ ያሳስታል። ትኬቱ "ቀን 24፣ 00:50" ካለ ኤርፖርት መገኘት ያለባችሁ 23 ማታ ነው። በዚያ ላይ እኛ ሰዓት የምንቆጥረው በራሳችን ስለሆነ 00:50ን አንዱ "ቀን ሰባት ሰዓት ሊሆን ነው" ብሎ ያነበዋል፣ ሌላው ሌላ ይላል። ትኬት የቆረጠችልን ልጅ ሆቴሉን እስከ 24 ያዘችልን፣ እኛም ልብ አላልነውም። እንዲህ ያለው ስህተት ያላደሩበትን ሌሊት ያስከፍላል። ትኬቱን ስትቀበሉ የመነሻውን ቀንና ሰዓት በኢትዮጵያ አቆጣጠር በወረቀት ጻፉና ሆቴሉን ከዚያ በኋላ ያዙ።

ወረቀቱ ላይ ብዙ አልቆይም፣ ሦስት ነገር ብቻ። አንደኛ፣ ከኢትዮጵያ የሚሄድ ሰው የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ይጠየቃል። ክትባቱን ከጉዞው ቢያንስ አሥር ቀን ቀደም ብላችሁ ተወጉ። ሱቫርናቡሚ ኤርፖርት ስትደርሱ ወደ ፓስፖርት መስኮቱ ከመሄዳችሁ በፊት በጤና ቁጥጥሩ በኩል ማለፍ አለባችሁ። አንደኛው ጓደኛችን ቀጥታ ፓስፖርት ሰልፍ ላይ ቆመና ተራው ሲደርስ "ጤና ጋ ሂድ" ብለው መለሱት፣ እንደ አዲስ ተሰለፈ። ሁለተኛ፣ ከግንቦት 2025 ወዲህ የመግቢያ ካርዱ በኢንተርኔት ነው የሚሞላው፣ ከመድረሳችሁ በፊት ባሉት ሦስት ቀናት ውስጥ። በነጻ ነው። ገንዘብ የሚጠይቅ ገጽ ካጋጠማችሁ የመንግሥት አይደለም፣ ውጡ። ሦስተኛ ቪዛው ነው። እኛ እዚያው ኤርፖርት ነው የወሰድነው፣ 2,000 ባት (የአገሩ ገንዘብ ነው) ከፍለን፣ እስከ 15 ቀን የሚያስቆይ። የመመለሻ ትኬት፣ የሆቴል ማስረጃና በእጅ የሚታይ ገንዘብ ይዛችሁ ሂዱ። የአገሮቹ ዝርዝር የሚቀያየር ነገር ስለሆነ ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ኤምባሲያቸውን ጠይቁ።

ዶላር ስትመነዝሩ ሻንጣ መቀበያው አጠገብ ያሉትን ቆንጆ ቆንጆ መስኮቶች እለፏቸው። ምድር ቤት ወርዳችሁ ባቡሩ ጋ ያሉት ሱፐር ሪች የሚባሉት የተሻለ ይሰጣሉ፣ ልዩነቱም ቀላል አይደለም። ባለ መቶ ዶላር ኖት ከትንንሾቹ በላይ ይመነዘራል። ካርድ ይዛችሁ ኤቲኤም ከተጠቀማችሁ ደግሞ በያንዳንዱ ጊዜ ቢያንስ 220 ባት ይቆረጣል፣ ስለዚህ ትንሽ ትንሽ እያላችሁ አታውጡ።

አሁን ወደ ሆቴሉ። የአንደኛው ጓደኛዬ አክስት ልብስ ነጋዴ ናቸው፣ ባንኮክን እንደ መርካቶ ነው የሚያውቋት። "ልጆቼ፣ ፕራቱናም እደሩ፣ ሁሉም ነገር በእግር ነው" አሉን። እውነታቸውን ነው። ለነጋዴ ከፕራቱናም የተሻለ ሰፈር የለም፣ ገበያው ደጃፉ ላይ ነው፣ ክፍሉም ርካሽ ነው። እኛም ሰማናቸው። በሌሊት 1,400 ባት የሆነ ባለ ሦስት አልጋ ክፍል ያዝን። ክፍሉ ሰፊ ነበር፣ አልጋው ንጹሕ፣ ሠራተኞቹ ጨዋዎች። በሆቴልነቱ የምወቅስበት ነገር የለኝም፣ ከአንድ ሊፍት በቀር፣ እሱም ጠዋት ጠዋት በነጋዴ ጆንያ ይያዛል።

ችግሩ ማታ ነው። በአየር ላይ የሚሄደው ባቡር፣ ቢቲኤስ የሚባለው፣ ከፕራቱናም ቅርብ የሚባለው ጣቢያው ራሱ በእግር ደህና ያስኬዳል፣ በዚያ ሙቀት ተዘናንጦ ለወጣ ሰው ደግሞ ይብሳል። የቦዩ ጀልባ አጠገባችን ነበር፣ እሱም ገና በምሽቱ ነው የሚያቆመው። ባቡሩም ቢሆን ሌሊት 6 ሰዓት አካባቢ ያበቃል። ጭፈራ ቤቶቹ የሚዘጉት ግን ሌሊት 8 ሰዓት ነው፣ ፈቃድ ያላቸው አንዳንዶቹ ከታኅሣሥ 2023 ጀምሮ እስከ 10 ሰዓት እንዲሠሩ ተፈቅዶላቸዋል። አያችሁት ክፍተቱን? ከ6 እስከ 10 ሰዓት ድረስ ከተማዋ ሞቅ ብላለች፣ ባቡር ግን የለም። በዚያ ሰዓት ክለብ ደጃፍ ላይ የቆመ ታክሲ ሜትር አልከፍትም ይላል። ቀን ሜትሩ ከ35 ባት ነው የሚነሳው። ሌሊት ግን ቶንግሎ ከሚባለው የማታ ሰፈር እስከ ፕራቱናም 400 ባት ጠየቁን። በስልክ የሚጠራውን ታክሲ፣ ግራብን፣ ስትጠሩም ሁሉም ሰው በአንድ ሰዓት ስለሚወጣ ዋጋው ይወጣል፣ መጠበቁም አለ። ሦስት ሌሊት እንዲህ ሆነ። ሦስተኛው ሌሊት ላይ ጥሩ ባንድ እየተጫወተ "መኪና ሳይጠፋ እንውጣ" ተባባልንና ወጣን። እኔን ያናደደኝ ገንዘቡ አልነበረም፣ ያ ነው።

በማግስቱ ዕቃችንን ሸክፈን ወደ ሱኩምቪት ተዛወርን። ሱኩምቪት ረጅም አውራ ጎዳና ነው፣ ከሱ የሚገነጠሉት ቅያሶች "ሶይ" ይባላሉ፣ ቁጥር አላቸው፣ በአንድ በኩል ጎዶሎ ቁጥር፣ በሌላው በኩል ሙሉ ቁጥር። በአሶክና በፕሮምፖንግ ጣቢያዎች መካከል አንዲት ትንሽ ሆቴል አገኘን። ክፍሉ ጠበብ ያለ፣ ቁርስ የሌለው፣ በሌሊት 1,900 ባት። አሶክ ላይ የላዩ ባቡርና የምድር ውስጡ ይገናኛሉ፣ ስለዚህ ማታ ስትወጡ ወደ ሁሉም አቅጣጫ ቀላል ነው። ቶንግሎና ኤካማይ ደግሞ ቀጥሎ ያሉት ጣቢያዎች ናቸው። ባቡር ካበቃ በኋላ እንኳን ጥቂት ደቂቃ የመኪና መንገድ ነው፣ አንድ ሌሊት እንዲያውም እየተጫወትን በእግራችን መጣን። ለክፍሉ የጨመርነው 500 ባት ለመኪና እናወጣ ከነበረው አይበልጥም። በዚያ ላይ ጎህ ሲቀድ ስለ መኪና መጨቃጨቁ ቀረ።

ክፍል ስትይዙ እነዚህን እዩ። ሆቴል የሚያዝበት መተግበሪያ ላይ መጀመሪያ የሚታየው ዋጋ ብዙ ጊዜ ግብር አይጨምርም፣ የመጨረሻውን ገጽ ሳታዩ አታወዳድሩ። "ሆቴሉ ሲደርሱ ይክፈሉ" እና "ያለ ቅጣት ይሰረዛል" የሚሉትን ምረጡ፣ ለኛ የካርድ ነገር ከባድ ስለሆነ ይሄ ትልቅ እፎይታ ነው፣ ባይሆን ኖሮ ሆቴል መቀየር አንችልም ነበር። ሲገቡ ማስያዣ ይጠየቃል፣ እኛን 1,000 ባት በጥሬው አስያዙን፣ ስንወጣ ተመለሰልን። ከመንገድ ፊት ያለ ክፍል አትውሰዱ። ሌሊት 10 ሰዓት ገብቶ ጠዋት የሚተኛ ሰው ጠዋቱ ላይ ጸጥታ ነው የሚፈልገው፣ "ወደ ኋላ ያለ ክፍል ስጡን" በሉ፣ ይሰጧችኋል።

ማታዎቹስ? ለኔ አንደኛው ሳክሶፎን ነው። የድል ሐውልቱ አጠገብ፣ ከባቡር ጣቢያው በጣም ቅርብ። ከ1987 ጀምሮ ያለ ቤት ነው፣ ጃዝና ብሉዝ በየምሽቱ በቀጥታ ይጫወቱበታል። እንጨት በእንጨት ነው፣ ሰው ይቀመጣል፣ ይሰማል፣ ይበላል። የኛን የጃዝ ምሽቶች የሚወድ ሰው እዚያ ቤቱ እንደገባ ይሰማዋል። ሁለት ሌሊት ሄድን፣ ሦስተኛም ብሄድ አልጠግብም ነበር። እንግዲህ ቁጭ ብሎ መስማት ለሰለቸው አርሲኤ የሚባለው መንገድ አለ፣ ትልልቅ ክለቦች የተደረደሩበት። ፓስፖርት ይጠይቃሉ፣ ከሃያ ዓመት በታች አይገባም። የታይ ወጣቶች እንደኛ አገር ነው የሚጠጡት፣ አንድ ጠርሙስ ውስኪ ያዝዙና በሶዳና በበረዶ ለሁሉም ይቀዳል። የአንድ ጠረጴዛ ልጆች ጠርተው ቀዱልን፣ እኛም በተራችን አዘዝን።

የፎቅ ላይ ቡና ቤቶቹን አንድ ጊዜ እዩ፣ ከአንድ በላይ ግን አስፈላጊ አይመስለኝም። ስቴት ታወር ላይ ያለው ስካይ ባር ከ60ኛ ፎቅ በላይ ነው፣ ወንዙን ቁልቁል ስታዩት ትንፋሽ ያሳጥራል። ቁምጣና ነጠላ ጫማ አያስገባም። ዝርዝሩ ላይ ከዋጋው አጠገብ ሁለት የመደመር ምልክት ካያችሁ አሥር በመቶ የአገልግሎትና ሰባት በመቶ ቫት ይጨመርበታል ማለት ነው፣ 500 ባት ያላችሁት 588 ሆኖ ይመጣል። ቻይና ታውን ውስጥ ደግሞ በአሮጌ ሱቆች የተከፈቱ ትንንሽ ቡና ቤቶች አሉ፣ ሰፈሩ ሶይ ናና ይባላል። ሱኩምቪት ላይም ናና አለ! ለሾፌሩ "ናና" ብቻ ካላችሁት ሌላ ቦታ ነው የሚያወርዳችሁ፣ "ቻይና ታውን" ብላችሁ በካርታ አሳዩት።

ስለዚያኛው ናና፣ ስለ ሶይ ካውቦይና ስለ ፓትፖንግ ዝም ብዬ አላልፍም። ገላ የሚሸጥበት ገበያ ነው፣ በአገሩ ሕግም የተከለከለ ሥራ ነው፣ መብራቱ ግን ከሩቅ ይጠራል። እኛ አልፈነው ሄድን፣ ሌላውም እንዲያልፈው እመክራለሁ፣ ከዚያ በር ጀርባ ያሉት ልጆች ወደው ይሁን ተገደው የምናውቅበት መንገድ የለንም። ፓትፖንግ ላይ ካርድ እያሳየ "ቢራ ርካሽ ነው፣ ፎቅ ላይ ትርኢት አለ" የሚላችሁን አትከተሉ። ስትወጡ በሩ ተዘግቶ የሚቆልል ሂሳብ ነው የሚጠብቃችሁ። እንዲህ ያለ ነገር ከገጠማችሁ የቱሪስት ፖሊስ ቁጥር 1155 ነው። በኤሌክትሪክ የሚሠራውን ሲጋራም አገር ቤት ተዉት፣ እዚያ ክልክል ነው።

አምስተኛው ቀን ላይ ሆዳችን እንጀራ አለ። ሱኩምቪት ሶይ 3 አካባቢ፣ ቡምሩንግራድ ሆስፒታል ባለበት ሰፈር፣ አረቦችና አፍሪካውያን የሚበዙበት ነው፣ እዚያ ሽሮና ጥብስ በላን። አጠገባችን ልጃቸውን ለማሳከም የመጡ እናት ነበሩ። "ለምን መጣችሁ ልጆቼ?" ሲሉን "ለሽርሽር ነው እማማ" አልናቸው። "እሰይ፣ ለደስታ የሚመጣ ሰውም አለ ለካ" ብለው መረቁን።

በመጨረሻው ቀን ሆቴሏ ሻንጣችንን ያለ ክፍያ አስቀመጠችልን። ያዎራት በሚባለው የቻይና ታውን ዋና መንገድ ላይ የመጨረሻውን እራት በላን፣ ሻንጣችንን አነሳን፣ ከማካሳን ጣቢያ በኤርፖርቱ ባቡር በ35 ባት ኤርፖርት ደረስን። ሰዓቱ ገና ምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ነበር፣ ቀኑም 23።