የቅድመ አያቴን ስም ፈልገው ላገኙልኝ መሪጌታ የቀረበ ምስጋና

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ለዓመታት ስፈልገው የኖርኩትን የቅድመ አያቴን ስም ከአንድ የገጠር ደብር መዝገብ ላገኙልኝ መሪጌታ ምስጋናዬን ለማቅረብ፣ እንደ እኔ የዘር ሐረጋቸውን ለሚፈልጉ ወገኖቼም እርሳቸውን ለመጠቆም ነው።

ከዚያ በፊት የደረሰብኝን ሳስበው ዛሬም ያንገበግበኛል። አንድ ቢሮ የቅድመ አያቴ ስም በአንደኛው ወረቀት «ሀይሉ»፣ በሌላው «ኃይሉ» ተብሎ ስለተጻፈ ብቻ «ሁለት የተለያዩ ሰዎች ናቸው» ብሎ መለሰኝ። ገንዘቤን የተቀበለ ሌላ ሰው ደግሞ ከነገሥታት ጋር የሚያዛምደኝን ሐረግ በሚያምር ወረቀት አትሞ ላከልኝ፤ አክስቴ ግን ከተጻፉት ስሞች አንዱንም አላወቁም።

መሪጌታው በመጀመሪያ የጠየቁኝ ስለ ፊደሉ አልነበረም። «ልጄ፣ የክርስትና ስማቸው ማን ነበር? ተዝካራቸውስ የወጣው በየትኛው ደብር ነው?» አሉኝ። እንደማላውቅ ስነግራቸው ለአክስቴ ደወሉላቸውና ወሬያቸውን ሳያቋርጡ አንድ ሰዓት ያህል በትዕግሥት አዳመጧቸው። በዚያ ወሬ መሐል አክስቴ ካህኑ በፍትሐቱ ላይ ቅድመ አያቴን «ወልደ ሥላሴ» እያሉ ይጠሩ እንደነበር ትዝ አላቸው። ለካስ እኔ በዓለማዊ ስማቸው ስፈልግ የኖርኩት በክርስትና ስማቸው የተመዘገቡትን ሰው ኖሯል! መሪጌታው እንዳስረዱኝ ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ እንዲሁም ሠ እና ሰ በአማርኛ ድምፃቸው አንድ በመሆኑ ጸሐፊው ሁሉ እጁ እንደለመደው ይጽፍ ነበር። እኛ ደግሞ የአባት ስም እንጂ ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚወርድ የቤተሰብ ስም ስለሌለን፣ አንዱ ስም ከጠፋ ከእርሱ በላይ ያለው ሐረግ ሁሉ ይቋረጣል። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ርስት እስኪቀር ድረስ ሰው ድርሻውን ለመጠየቅ ትውልዱን ይቆጥር ስለነበር የድሮ የርስት ክርክር ወረቀት ካለ እንድፈልግም መከሩኝ። ያን ያረጀ የደብር መዝገብ እንዴት አድርገው እንዳነበቡትና እንዳመሳከሩት ግን እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ከሁሉም በላይ የማልረሳው በእጃቸው ጽፈው የሰጡኝን ወረቀት ነው። እንደ ወጋችን ሰባት ቤት ድረስ እንዲቆጥሩልኝ ተመኝቼ ነበር፤ አምስተኛው ላይ ሲደርሱ አቆሙና ከላይ ያለውን ቦታ ባዶ ተዉት። «ከዚህ በላይ ማስረጃ አላገኘሁም። ልጄ፣ በግምት አባት አይሰጥም» አሉኝ። እንባዬ መጣ። ያ ባዶ ቦታ የተጻፉትን አምስት ስሞች ሁሉ እንዳምናቸው አድርጎኛል።

ዘራችሁን የምትፈልጉ ሁሉ እባካችሁ ወደ እርሳቸው ሂዱ፤ ከመሄዳችሁ በፊትም በሕይወት ያሉ አረጋውያንን የአያቶቻችሁን የክርስትና ስምና ደብር ጠይቃችሁ ያዙ። መሪጌታው ስማቸው በአደባባይ እንዲጠራ ስላልፈቀዱ በውስጥ መስመር ለሚጽፍልኝ ሁሉ አድራሻቸውን በደስታ እሰጣለሁ። መሪጌታ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።