ላገለገለ ዕቃ ንግድ ፖሊስ ጣቢያ፦ የቶኪዮው ፈቃድ እንዴት ነው?

ጃፓን ውስጥ ያገለገለ ዕቃ ገዝቶ ለመሸጥ ፈቃድ የሚወጣው ከንግድ ቢሮ አይደለም። ማመልከቻውን የሚቀበለው ፖሊስ ነው። ለእናቴ በስልክ ስነግራት «ምን አጠፋህ ልጄ?» ብላ ደነገጠች። አልፈርድባትም።

ነገሩ ግን ምክንያት አለው። ሕጉ በ1949 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ዋናው ጭንቀት የተሰረቀ ዕቃ ነበር፤ ዛሬም እሱው ነው። ስለዚህ ካፒታልህ ስንት ነው የሚል ሰው የለም። የሚጠየቀው ማን እንደሆንክና ዕቃው ከየት እንደመጣ ነው። ምናለሽ ተራ የተመላለሰ ሰው ይህ ቶሎ ይገባዋል።

እኔ የምሸጠው ያገለገለ ካሜራና ሌንስ ነው። መጀመሪያ ልቤ ያረፈው መኪና ላይ ነበር። ከዚህ ቪትዝ ገዝቶ አገር ቤት መላክ ያልተመኘ ሐበሻ መቼም የለም። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ ኢትዮጵያ ማስገባት ሲከለከል ያ ሐሳብ ውኃ በላው። አዲስ አበባ ሠርግ የሚያነሱ ጓደኞቼ ደግሞ «አንድ ደህና ካኖን ፈልግልን» ማለት አይተዉም። በዚያው ገባሁበት።

ካትሱሺካ፣ እዚሁ ቶኪዮ ካለው ወረዳ፣ ያላችሁ ልጆች ደጋግማችሁ ስለጠየቃችሁኝ መጀመሪያ ይህን ልበል። የራሳችሁን አሮጌ ዕቃ ለመሸጥ ፈቃድ አያስፈልግም። አትርፋችሁ ልትሸጡት ያገለገለ ዕቃ ከገዛችሁ ግን በኢንተርኔትም ቢሆን ያስፈልጋል። ያለ ፈቃድ የተያዘ እስከ 3 ዓመት እስራት ወይም እስከ 1 ሚሊዮን የን ቅጣት ይጠብቀዋል። ለእኛ ደግሞ ከዚያ በላይ የሚያሳስበው የመኖሪያ ፈቃዳችን ነው። ቋሚ ነዋሪ የሆነ፣ ጃፓናዊት ያገባ ወይም የሥራ አስኪያጅ ቪዛ ያለው አይቸገርም። በተማሪ ወይም በኢንጂነር ቪዛ ያላችሁ ግን አስቀድማችሁ ኢሚግሬሽንን ጠይቁ። የንግድ ፈቃዱ ክፍያ 19 ሺህ የን ነው፤ ማመልከቻው ውድቅ ቢሆንም አይመለስም።

ወረቀቱ ያን ያህል አያስፈራም። ማመልከቻው አለ፣ ዜግነት የተጻፈበት የነዋሪነት ማስረጃ አለ፣ ያለፉት 5 ዓመታት ታሪካችሁ አለ፣ አንድ ቃል መግቢያ አለ። ጃፓኖቹ ከቤተሰብ መዝገባቸው የሚያወጡት ተጨማሪ ወረቀት ለእኛ ይቀራል፤ መዝገቡ የለንማ። በራሳችሁ ድረ ገጽ የምትሸጡ ከሆነ አድራሻው የእናንተ መሆኑን ማሳየት አለባችሁ። ቤቱ የኪራይ ከሆነ የአከራዩን ስምምነት ሊጠይቋችሁ ይችላሉ።

የሄድኩበት ጣቢያ ስሙ ይቅር። ያስተናገደኝ ፖሊስ ረጋ ያለ ሰው ነው። ማስመሪያ ከመስመሩ ሥር እያስጠጋ እያንዳንዷን ቃል አነበበ። ስሜ ላይ ሲደርስ ቆመ። የእኔ፣ የአባቴና የአያቴ ስም በካታካና፣ ጃፓኖች የውጭ ስም በሚጽፉበት ፊደል፣ ሲጻፍ ከተሰጡት ትንንሽ ሳጥኖች ተርፎ ይወጣል። «የቤተሰብ ስምዎ የቱ ነው?» አለኝ። የለንም አልኩት። ብዕሩን አስቀመጠና አለቃውን ጠራ። አለቃው ደግሞ ሌላ ሰው ጠራ። ከደብረ ሲና አልፎ የማያውቀው አያቴ ቶኪዮ ላይ ስብሰባ ተጠራለት! በመጨረሻ በነዋሪነት ማስረጃው ላይ ባለው ቅደም ተከተል ይጻፍ ተብሎ ተወሰነ።

ከዚያ ጥያቄ መጣ። ከማን ትገዛለህ? የት ታስቀምጣለህ? ዕቃዎቹ በ13 ምድብ የተከፈሉ ናቸው፤ ካሜራ ለብቻው አንድ ነው። ቁም ሳጥኔ ውስጥ ነው የማስቀምጠው ስለው አልሳቀም፣ ጻፈው።

ቅሬታም አለኝ። በስልክ «አያስፈልግም» የተባልኩት ወረቀት በአካል ስሄድ አስፈለገ። የሚመለከተው ሰው ከሌለ የሚተካው የለም፤ ስለዚህ ሳትደውሉ አትሂዱ። ቅጹ ሁሉ በጃፓንኛ ነው። ጃፓንኛ የማታነቡ ከሆነ ማንበብ የሚችል ሰው ይዛችሁ ሂዱ። ወረቀት አዘጋጅቶ የሚያስገባላችሁ ባለሙያም አለ፤ የሚያስከፍለው ግን ብዙ ጊዜ ከራሱ ከፈቃዱ ዋጋ ይበልጣል። ለአንድ ሰው ትንሽ ንግድ አያዋጣም ባይ ነኝ።

ውጤቱ 40 ቀን ገደማ ይወስዳል ተባልኩ። እንደ ወንድ ልጅ ክርስትና ማለት ነው። እስኪደውሉ ድረስ ዝም ብሎ መጠበቅ ነው። ማስታወስ አላስፈለገኝም፣ «ነገ ተመለስ» አልተባልኩም፣ ሰው ማወቅም አልጠየቀኝም። ለዚህ ሙሉ ነጥብ እሰጣለሁ።

እውነተኛው ሥራ ያለው ግን ከፈቃዱ በኋላ ነው። ከ10 ሺህ የን ጀምሮ ስትገዙ የሻጩን ማንነት ማረጋገጥና መመዝገብ ግዴታ ነው። መጽሐፍ፣ ሲዲና የቪዲዮ ጌም ሲሆን ዋጋው ትንሽ ቢሆንም አይቀርም። መዝገቡ 3 ዓመት ይቀመጣል። አንድ ጎረምሳ ዓይን የሚስብ ሌንስ ይዞ መጣ። ሌንሱ ላይ ጭረት የለም፣ የፊት ክዳኑ እንኳ አልጠፋም። ዋጋውም ጥሩ ነበር። መታወቂያ ስለው «ቤት ረስቼዋለሁ» አለ። ሌንሱን መለስኩለት፤ አልተመለሰም። ሰስቼ ብገዛውና የተሰረቀ ሆኖ ቢገኝ፣ በ1 ዓመት ውስጥ ባለቤቱ ከጠየቀ ያለ ምንም ክፍያ መመለስ አለብኝ። የከፈልኩት ገንዘብ ቀለጠ ማለት ነው።

አገር ቤት ንግድ ፈቃድ በየዓመቱ ማደስ ለለመደ ሰው ደስ የሚል ነገር አለው፦ ይህ ፈቃድ አይታደስም፣ ጊዜውም አያልፍበትም። ይዛችሁት 6 ወር ሥራ ካልጀመራችሁ ግን ሊሰርዙት ይችላሉ። አድራሻ ስትቀይሩም ማሳወቅ አለባችሁ።

ከአምስት ኮከብ አራት። አንዱን ያስቀረሁት በስልኩ ምክንያት ነው።

ፈቃድ ያለው ነጋዴ በሥራ ቦታው የሚሰቅለው ሰሌዳ ከፈቃዱ ጋር አብሮ አይሰጥም፤ ለብቻው ታሠሩታላችሁ። ጥቁር ሰማያዊ ሆኖ ጽሑፉ ነጭ ነው፣ ቁመቱ 8 ወርዱ 16 ሴንቲ ሜትር። ስታዙ የፈቃድ ቁጥሩን ደጋግማችሁ እዩት፣ 12 አኃዝ ነው።