ብሊትዝኦርቱንግ፦ የመብረቅ ካርታው ምን ያህል ይጠቅማል?

ብሊትዝኦርቱንግ በዓለም ዙሪያ የሚከሰተውን መብረቅ በሰከንዶች ውስጥ በካርታ ላይ የሚያሳይ ነፃ አገልግሎት ነው። መሣሪያዎቹን ተክለው የሚንከባከቡት በየአገሩ የሚገኙ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ካርታው ሲከፈት መብረቅ በታየበት ሁሉ ነጥብ ብልጭ ይላል፤ ነጥቦቹ በቆዩ መጠን ቀለማቸው ስለሚለወጥም ዝናቡና ነጎድጓዱ ከየት ተነሥቶ ወዴት እያመራ እንደሆነ በዓይን መከታተል ይቻላል።

ከሌሎች የአየር ጠባይ መተግበሪያዎች አስበልጬ የማየው አሠራሩን ለተጠቃሚው ግልጽ ስለሚያደርግ ነው። መብረቅ ዝቅተኛ ድግግሞሽ ያለው የሬዲዮ ሞገድ ይለቃል፤ ሞገዱም በምድር ገጽና አዮኖስፌር በተባለው በኤሌክትሪክ የተሞላ የላይኛው የከባቢ አየር ክፍል መካከል እየተመራ በመቶዎች፣ አንዳንዴም በሺዎች የሚቆጠሩ ኪሎ ሜትሮችን ይጓዛል። በተለያየ ስፍራ ያሉ ጣቢያዎች ሞገዱ የደረሰበትን ቅጽበት መዝግበው ወደ ማዕከላዊ ኮምፒውተር ሲልኩ፣ ኮምፒውተሩ ከጊዜዎቹ ልዩነት ተነሥቶ መብረቁ የታየበትን ቦታ ያሰላል። የሬዲዮ ሞገድ በአንድ ሚሊዮንኛ ሰከንድ 300 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ ኢምንት የሰዓት ስሕተት እንኳ ስሌቱን ያዛባዋል፤ ጣቢያዎቹ ሰዓታቸውን ከጂፒኤስ ሳተላይቶች የሚወስዱትም በዚህ ምክንያት ነው። እንዲህ ያለ ጥንቃቄ የሚሻ ልኬት በገዛ እጃቸው በገጣጠሙት መሣሪያ የሚያከናውኑ ሰዎች መኖራቸው እጅግ ያስደንቀኛል፤ ምስጋናም ይገባቸዋል።

በተለይ ለማስተማር ይጠቅማል ብዬ የማምነው በየነጥቡ ዙሪያ እየሰፋ የሚሄደው ክብ ነው። መብረቅ የሚያልፍበትን አየር በቅጽበት እስከ 30,000 ዲግሪ ሴልሺየስ ድረስ፣ ማለትም ከፀሐይ ገጽ ሙቀት አምስት እጥፍ ገደማ ያግለዋል፤ አየሩ በድንገት ሲስፋፋ የሚፈጠረው ድምፅ ነጎድጓድ ነው። ክቡ የዚህን ድምፅ ጉዞ ያሳያል። ድምፅ አንድ ኪሎ ሜትር ለመሄድ ሦስት ሰከንድ ያህል ስለሚፈጅበት፣ በአቅራቢያ መብረቅ ሲኖር ክቡ ተመልካቹ ያለበት ቦታ ሲደርስ ጉርምርምታው ይሰማል። ከ15 ኪሎ ሜትር ገደማ በላይ ከሆነ ግን ድምፁ አብዛኛውን ጊዜ ለጆሮ አይደርስም።

ጉድለቱም ቀላል አይደለም። ጣቢያዎች በተራራቁበት አካባቢ አንዳንዱ መብረቅ ሳይመዘገብ ያልፋል፣ የተመዘገበውም ቦታው ትክክል ላይሆን ይችላል። አብዛኛው መብረቅ ምድር ሳይነካ እዚያው ደመና ውስጥ የሚቀር ሲሆን፣ ደካማ ከሆነ ከካርታው ሊቀር ይችላል። ከዚህም በላይ መብረቅን በነጥብ መወከል በራሱ ወሰን አለው። የዓለም ሜትሮሎጂ ድርጅት በክብረ ወሰንነት ያጸደቀውና በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጥቅምት 22 ቀን 2017 በአሜሪካ ከምሥራቅ ቴክሳስ እስከ ካንሳስ ሲቲ አቅራቢያ የተዘረጋው አንድ መብረቅ 829 ኪሎ ሜትር ርዝመት ነበረው። ያን የሚያህል መብረቅ ሙሉ ስፋቱ የታወቀው ብርሃንን ከላይ በሚከታተል የሳተላይት መሣሪያ ነው፤ የነጥብ ካርታ ይህን ሊያሳይ አይችልም።

ካርታውን የማስጠንቀቂያ መሣሪያ አድርጎ የሚጠቀም ሰው ካለ ግን አጥብቄ እቃወመዋለሁ፤ አዘጋጆቹም ለሕይወትና ለንብረት ጥበቃ እንዳይውል ያሳስባሉ። ነጥቡ የሚያሳየው ያለፈውን መብረቅ እንጂ ቀጣዩ የሚወድቅበትን ስፍራ አይደለም፤ መብረቅ ደግሞ ዝናቡ ካለበት ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ሊወድቅ ይችላል። ስለዚህ ነጎድጓድ የሰማ ሰው በካርታው ላይ በአቅራቢያው አንድም ነጥብ ባያይ እንኳ ወዲያውኑ ወደ ቤት ወይም ጣሪያው ብረት ወደሆነ ዝግ መኪና ሊገባ፣ የመጨረሻውን ነጎድጓድ ከሰማ በኋላም 30 ደቂቃ ሳይሞላ ከመውጣት ሊቆጠብ ይገባዋል።