ደብረ ማርቆስ ላላችሁ፦ ክብደት መቀነስ ያቃታችሁ ይህችን ሲስተር አግኟት

ከተማችን ውስጥ አንድ ጤና ጣቢያ የስኳርና የግፊት ክትትል ላይ የምትሠራ ሲስተር አለች። ስሟን እዚህ እንዳልጽፍ ለምናኛለች። በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ ግን እነግራለሁ።

እሷ ጋ እስክደርስ ያየሁትን እኔ ነኝ የማውቀው። አንድ ቦታ ሚዛን ላይ አቁሞ ኪሎዬን ወረፋው ሁሉ እስኪሰማ የጮኸ ባለሙያ አለ። «አፍሽን ዝጊ፣ ሌላ መድኃኒት የለውም» አለኝ። የታናሽ ወንድሜ እኩያ ነው! እንባዬን መቆጣጠር አቃተኝ። ሌላ ቦታ ደግሞ የሚያከሳ ሻይ ብለው ዱቄት ሸጡልኝ። ብሬንም በላ፣ ሆዴንም አመመኝ። ተመልሼ ስነግራቸው «በደንብ ስላልጠጣሽው ነው» አሉኝ። አሁንም ሳስበው ያንገበግበኛል።

ይህች ልጅ ግን መጀመሪያ ወንበር ሰጠችኝ። «እትዬ፣ መቀነስ የፈለጉት ለምንድን ነው?» አለችኝ። ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። እናቴን አነሳሁላት። እናቴ ቢቸና ነው ያለችው፤ በስኳር ምክንያት ዓይኗ ደክሟል። የልጅ ልጆቿን በድምፃቸው ነው የምትለየው። የእኔም ስኳር ከፍ ማለት ጀምሮ ነበር። ይህን ሁሉ ስናገር እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ሰማችኝ።

ከዚያ «እንደሚችሉ ምን ያህል እርግጠኛ ነዎት? ከ0 እስከ 10 ስንት ይሰጡታል?» አለች። «4» አልኳት። ለምን አነሰ ትለኛለች ስል «ለምን 2 አላሉም?» አለችኝ። እኔም ጾሜን እንደማላጓድል፣ ልጆቼን ብቻዬን እንዳሳደግሁ ነገርኳት። እየተናገርሁ ልቤ ሞላ። ለዚህች ጥያቄ ብቻ ዕድሜዋን ያርዝመው።

ትምህርቱ ብዙም አልገባኝም። ፕሮቻስካና ዲክሌሜንቴ የተባሉ አሜሪካውያን ሲጋራ ያቆሙ ሰዎችን አጥንተው፣ ሰው ልማዱን የሚለውጠው ደረጃ በደረጃ ነው ብለዋል አለችኝ። ወደ ኋላ መመለስም ያለ ነው። አሜሪካ ውስጥ ስኳር ሊይዛቸው በተቃረቡ ሰዎች ላይ ተሠርቶ በ2002 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናትም ነገረችኝ። ክብደታቸውን 7 በመቶ እንዲቀንሱና በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ የተደረጉት፣ በስኳር የመያዝ ዕድላቸው በ58 በመቶ ቀንሷል። የእኔ 92 ኪሎ 7 በመቶው 6 ኪሎ ተኩል ገደማ ነው። 30 ኪሎ ካልቀነስሁ ብዬ ስጨነቅ ለኖርሁት ለእኔ ትልቅ እፎይታ ነበር። ከማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ኪዳን አድርሼ በእግሬ መመለስ የጀመርሁት ያኔ ነው።

የኛን አገር ደግሞ ታውቁታላችሁ። ማኅበር ቤት «በሞቴ» ከተባለ እምቢ ማለት ነውር ነው። ይህንንም ቀድመን መከርንበት። «በሞቴ» ሲሉኝ አንዷን ጉርሻ ተቀብዬ ወዲያው እጄን እታጠባለሁ ብዬ ከቤቴ ወስኜ እወጣለሁ። ይሠራል! ከፋሲካ በኋላ ኪሎዬ ሲጨምር ቀርቼባት ነበር። ራሷ ደወለች። «ይሄ የሚጠበቅ ነው እትዬ፣ ይምጡ» አለችኝ። የሚቆጣኝ እንጂ የሚደውልልኝ አጋጥሞኝ አያውቅም።

አሁን 85 ኪሎ ነኝ፣ ስኳሬም ወርዷል። ሲስተርዬ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ልጆችሽ ይባረኩ። እናንተም ሂዱ፣ እባካችሁ ሂዱ፣ እናቶቻችሁንም ውሰዱ። የገበያ ቀን ወረፋው ስለሚበዛ በሌላ ቀን ጠዋት ብትሄዱ ይሻላል።