ከሆዱ ሥር የሚበራ ኮምፒውተር፦ ከስምንት ወር አጠቃቀም በኋላ

ይህን ትንሽ የጠረጴዛ ኮምፒውተር ስሠራበት ስምንት ወር ሆነኝ። ጽሑፍ፣ የሒሳብ ሰንጠረዥ፣ አልፎ አልፎ የቪዲዮ ቅንብር፤ የዕለት ሥራዬ በሙሉ ያለው እሱ ላይ ነው። ፈጣን ነው። ፋን እንዳለው የሚታወቀው ከባድ ቪዲዮ ሲሠራበት ብቻ ነው፤ ጠረጴዛ ላይ የሚይዘው ቦታም ከአንድ መዝገበ ቃላት ያነሰ ነው። ስለ ፍጥነቱ ብዙ ተብሏል፤ እኔ የምጨምረው የለኝም። የምጽፈው በመጀመሪያው ቀን አይቼ ስላለፍኩት፣ ኋላ ግን ስለ ዕቃው ያለኝን አስተያየት ከሌላው ሁሉ በላይ ስለቀየረው ነገር ነው፦ ማብሪያ ቁልፉ ያለው ከሥሩ ነው።

ከጎን አይደለም፤ ከኋላም አይደለም፤ ከሆዱ ሥር ነው። ኮምፒውተሩ የቆመው ከዳር ገባ ባለ ክብ መቀመጫ ላይ ስለሆነ፣ ዙሪያውን ከጠረጴዛው ጋር ጠባብ ክፍተት ይፈጥራል። ቁልፉ ከኋላ በስተግራ ጥግ፣ እዚያ ክፍተት ውስጥ ፊቱን ወደ ጠረጴዛው ደፍቶ ተቀምጧል። ከፊት የሚታየው ሁለት የኬብል ቀዳዳና አንዲት ነጭ መብራት ብቻ ነው። ዕቃውን ከካርቶኑ አውጥቼ ሁሉንም ኬብል ከሰካሁ በኋላ፣ በምን እንደሚበራ ለማወቅ መመሪያውን መግለጥ ነበረብኝ።

እጄ ለመልመድ ብዙ ቀን አልፈጀበትም። አውራ ጣት ከላይ፣ ሌባ ጣት ከሥር፣ ጥጉን መቆንጠጥ ነው። እዚህ ላይ ለነዳፊዎቹ የሚገባቸውን ልስጣቸው። እንዲህ ያለ ቀላል ዕቃ ቁልፉ ከፊት ሆኖ በአንድ ጣት ሲገፉት ወደ ኋላ ይንሸራተታል፤ በሌላው እጅ ደገፍ ማድረግ የግድ ይሆናል። ሲቆነጠጥ ግን የሚገፋውም የሚደግፈውም ያው አንድ እጅ ነው። ሐሳቡ መጥፎ አይደለም። ችግሩ ክፍተቱ ላይ ነው፤ የጣቴን ጫፍ እንጂ ጣቴን አያስገባም። ስለዚህ ጥጉን ትንሽ ከፍ ሳያደርጉ አጥብቆ መጫን አይቻልም። ጥጉ ከፍ ሲል ደግሞ ከኋላ የተሰኩት ኬብሎች ሁሉ አብረው ይነሣሉ። ይህን ያስተዋልኩት ዘግይቼ ነው።

በዚህ ቁልፍ ላይ ቅሬታ በተነሣ ቁጥር የሚሰጠው መልስ የታወቀ ነው፦ «ዛሬ ኮምፒውተሩን የሚያጠፋ ማን አለ? ስሊፕ ላይ ተወው፤ ኪቦርዱን ስትነካው ይነሣል።» እኔም ለአምስት ወር ያህል ይህንኑ ለሌሎች ስመልስ ነበር። ሐሰት አይደለም። ስሊፕ ላይ ሲሆን የሚወስደው ኃይል በጣም ጥቂት ነው፤ ጠዋት ማውዙን ነካ ሳደርግ ስክሪኑ ወዲያው ይመጣል። በወር ውስጥ ቁልፉን የምነካበት ቀን ከሁለት ከሦስት አይበልጥም።

አሁን ግን ይህ መልስ አያረካኝም። ቆጠራው የተወሰደው ሁሉ ነገር ደህና ከሆነባቸው ቀናት ነው። ማብሪያ ቁልፍ ከልብ የሚፈለገው ሌላው ሁሉ እምቢ ባለ ቀን ነው፤ ስክሪኑ ጨልሞ ሲቀር፣ ኪቦርዱ መልስ ሲነፍግ፣ የማውዙ ቀስት ባለበት ሲደርቅ። በዚያን ሰዓት እኛንና ኮምፒውተሩን የሚያገናኝ የቀረ ነገር ቢኖር እሱ ብቻ ነው። ብዙ ጊዜ አይነካም ተብሎ ከሥር መደበቁ፣ የእሳት ማጥፊያን «ዓመቱን ሙሉ ማንም አልነካው» ብሎ ቁም ሣጥን ውስጥ እንደ መቆለፍ ይሆንብኛል።

ሐሳቤን ያስቀየረኝ በስድስተኛው ወር አንድ ሌሊት ነው። የዓመታት ፎቶዬን ወደ ውጫዊ ሀርድ ዲስክ ባክአፕ (መጠባበቂያ ቅጂ) እያደረግኩ ነበር። ሥራው ረጅም ስለሆነ ትቼው ሄድኩ። ስመለስ ስክሪኑ ጥቁር ነው። ኪቦርዱን ብነካ፣ ማውዙን ባንቀሳቅስ፣ የሞኒተሩን ኬብል ነቅዬ ብሰካ መልስ የለም። የፊቷ ነጭ መብራት ግን በርታለች። ጥቂት ደቂቃ ጠበቅሁና ደርቋል ብዬ ወሰንኩ፤ የቀረኝ ቁልፉን ተጭኖ በግድ ማጥፋት ነው። የእኔው ኮምፒውተር በግድ የሚጠፋው ቁልፉ ለአሥር ሰከንድ ያህል ተይዞ ሲቆይ ነው። አሥር ሰከንድ በጣት ጫፍ ስለማይያዝ ጥጉን ብድግ አደረግሁና መቁጠር ጀመርኩ። አራት ሳልደርስ ሀርድ ዲስኩ ጠቅ ብሎ መሽከርከሩን አቆመ። ኬብሉ ከኋላ ወጥቶ ነበር።

እንደገና አብርቼ የባክአፑን መዝገብ ስመለከት፣ ኮምፒውተሩ ከመጀመሪያውም አልደረቀም ነበር። ያልመጣው ምስሉ ብቻ ነው። ቅጂው ዲስኩ እስከ ተነቀለባት ደቂቃ ድረስ ፎቶ በፎቶ ሲሄድ ቆይቷል። ዋናዎቹ ፎቶዎች ደህና ናቸው፤ ባክአፑ ግን አልከፈት አለ፣ እንደገና ከዜሮ ጀመርኩ፣ ሁለት ሌሊት ፈጀ። ከሌላ ላፕቶፕ በኔትወርክ ገብቼ በሥርዓት ላጠፋው እችል ነበር፤ ይህን አምናለሁ። ነገር ግን ድሮ የሞኒተር ኬብሎች ግራና ቀኝ በብሎን ይታሰሩ ነበር፤ የዛሬዎቹ ትናንሽ የዩኤስቢ ሶኬቶች ኬብሉን የሚይዙት ጠበቅ ብሎ በመግባቱ ብቻ ነው። እንዲህ ያሉ ሶኬቶች በጀርባው የተደረደሩበት ዕቃ፣ ለመጥፋት መነሣት የለበትም።

ቁልፉ እዚያ እንዲሆን ያስገደደው ነገር ይኖር ይሆን ብዬ ነገሩን ከሥሩ ተከተልኩት። ድሮ በእርግጥ የሚያስገድድ ነገር ነበር። በ1981 (እ.ኤ.አ.) የወጣው የአይቢኤም ፒሲ ማብሪያ ማጥፊያው በቀኝ ጎኑ ወደ ኋላ የነበረ ትልቅ ቀይ ማንሻ ነው። እዚያ የሆነው ፓወር ሰፕላዩ (ለኮምፒውተሩ ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለው ክፍል) እዚያ ስለነበረ ነው፤ ማንሻው ከግድግዳ የሚመጣውን ኤሌክትሪክ ራሱን ይቆርጣል፣ ይቀጥላል። ሲጫኑት ኮምፒውተሩ ምንም ይሥራ ምን ወዲያው ይጠፋል። ዊንዶውስ 95 በብዙ ኮምፒውተሮች ላይ ሥራውን ዘግቶ «አሁን ኮምፒውተሩን ማጥፋት ይችላሉ» የሚል ጽሑፍ አሳይቶ የሚቆመው ለዚህ ነበር፤ ኤሌክትሪኩን መቁረጥ የሚችለው የሰው እጅ ብቻ ነው።

ኢንቴል በ1995 ያወጣው ኤቲኤክስ የተባለው የኮምፒውተር አካላት ደረጃ (ስታንዳርድ) ነገሩን ለወጠው። ከዚያ ወዲህ ቁልፉ ኤሌክትሪክ አይቆርጥም፤ ይጠይቃል። ሲጫኑት ማዘርቦርዱ (ሁሉም አካል የሚገናኝበት ዋናው ሰሌዳ) ላይ ያሉ ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች ለቅጽበት ይነካካሉ፣ ማዘርቦርዱም ፓወር ሰፕላዩን «ተነሣ» ይለዋል። ይህ እንዲሆን ኮምፒውተሩ ጠፍቶም እያለ 5 ቮልት የሆነች የስታንድባይ (የተጠባባቂ) ኃይል ሳትቋረጥ ትቆያለች። በ1996 መጨረሻ የወጣው ኤሲፒአይ የተባለው የኃይል አያያዝ ደረጃ ደግሞ ቁልፉ አጭር ሲነካ ለሲስተሙ (እንደ ዊንዶውስ ላለው ዋና ፕሮግራም) መልእክት እንዲሆን፣ ከ4 ሰከንድ በላይ ሲያዝ ግን ሲስተሙ ቢደርቅም ኮምፒውተሩ በግድ እንዲጠፋ የሚያደርገውን አሠራር አስቀመጠ። አንዳንድ ሠሪዎች ይህን ጊዜ አስረዝመውታል፤ የእኔም ከነዚያ ነው።

ሁለት ቀጫጭን ሽቦና አንዲት ትንሽ መነካኪያ ደግሞ የትም ይገባሉ። ከፊት፣ ከጎን፣ ከላይ፣ ኪቦርድ ላይ ሳይቀር። በ1987 በወጣው ማኪንቶሽ 2 ማብሪያው ኪቦርዱ ላይ ነበር። በትንሽ ኮምፒውተር ውስጥ ቦታ ውድ መሆኑን አውቃለሁ፤ ማቀዝቀዣው፣ ፓወር ሰፕላዩ፣ ሶኬቶቹ ሁሉም ጠርዝ ይፈልጋሉ። ከፊት ሁለት ሶኬት የገባበት ዕቃ ግን አንዲት ቁልፍ አያጣበውም። ከሥር መቀመጡ ምርጫ ነው፤ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ማማሩ፣ ሲደርቅ በቀላሉ ከመያዙ በላይ ተቆጥሮ የተመረጠ ምርጫ።

የበለጠ የከነከነኝ የእናቴ ነው። ዕቃውን በወደድኩበት በመጀመሪያው ወር ለእሷም ይህንኑ ገዛሁላት፤ ከእህቴ ጋር በቪዲዮ እንድታወራ። አንድ ቀን መብራት ጠፍቶ ከመጣ በኋላ ደወለችልኝ፦ ኮምፒውተሩ አልነሣም አለ።

«እማዬ፣ ከኋላ በግራሽ በኩል ያለውን ጥግ ያዢው። ጣትሽን ከሥሩ ክተቺ።»

«ከሥሩ? ልጄ፣ ገልብጬ ነው የማበራው?»

ገለበጠችው። የሞኒተሩ ኬብል ተነቀለ። አሁን በስልክ የምንፈልገው ሁለት ነገር ሆነ፤ ኮምፒውተሩ መብራቱንም ለማወቅ አልቻልንም። ክብ ውስጥ መስመር ያለበትን ምልክት ፈልጊ አልኳት፤ መስመሩ ማብራት፣ ክቡ ማጥፋት የሚሉት በየትኛውም ቋንቋ እንዲነበቡ የተስማሙበት ምልክት ነው። ግን ምልክቱ ያለው ቁልፉ ላይ ነው፤ ቁልፉ በተደበቀበት ምልክቱም ተደብቋል፤ ቀለሙም ከአካሉ ጋር አንድ ነው። የእናቴ ጣቶች መገጣጠሚያቸው ያማታል፤ ሌባ ጣቷ እንደ ልብ አይታጠፍም። ግማሽ ሰዓት ያህል ከታገልን በኋላ እንዲህ አለችኝ፦ «በጨለማ የቤቴን መብራት ሁሉ ዳብሼ አበራለሁ። ይህችን ግን በቀንም አላገኘኋት።»

ይህን ዓረፍተ ነገር ከማንም ባለሙያ ግምገማ አብልጬ ይዤዋለሁ። ቁልፍ በዳበሳ መገኘት አለበት።

ሞኒተር ጀርባ ላይ ለመስቀል የሚያስቡም ቀድመው ይዩት። ሞኒተሮች ጀርባቸው ላይ በ75 ወይም በ100 ሚሊ ሜትር ርቀት አራት የብሎን ቀዳዳ አላቸው፤ ትንንሽ ኮምፒውተሮችን እዚያ የሚሰቅሉ መያዣዎች ይሸጣሉ። መጀመሪያ የሞከርኩት መያዣ የኮምፒውተሩን ሆድ ሙሉ በሙሉ ያቀፈ ስለነበር ቁልፉ ተከድኖ ቀረ። መልሼ አወረድኩት።

አሁን የምጠቀምባቸው መላዎች እነዚህ ናቸው። አንደኛ፣ ኮምፒውተሩን ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል በሚያነሣ መቆሚያ ላይ አስቀምጬዋለሁ፤ ጣቴ ሳያነሣው ይገባል። መጀመሪያ ከሥሩ ጠፍጣፋ እንጨት አድርጌ ነበር፤ ይህን አታድርጉ፣ አየር የሚስበውም የሚያወጣውም በመቀመጫው ዙሪያ ስለሆነ ፋኑ መጮህ ጀመረ። ገልብጠው ሆዱን ወደ ላይ የሚያስቀምጡም አሉ፤ እኔ አልወደድኩትም፣ አቧራው በቀጥታ ወደ አየር ማስገቢያው ይወርዳል። ከቁልፉ ትክክል በላይ፣ በጥጉ አናት ላይ፣ ትንሽ የላስቲክ ነጥብ ለጥፌአለሁ፤ አውራ ጣት ነጥቡን ካገኘ ሌባ ጣት ቁልፉን ያገኛል።

ሁለተኛ፣ ኤሌክትሪክ ተቋርጦ ሲመለስ ኮምፒውተሩ ራሱ እንዲነሣ የሚያደርግ ማስተካከያ አለ፤ በብዙ ኮምፒውተሮች ባዮስ (ከሲስተሙ በፊት የሚነሣው መነሻ ፕሮግራም) ውስጥ፣ በአንዳንዶቹ ደግሞ ሲስተሙ ራሱ ውስጥ ይገኛል። እሱን ካበራሁት ወዲህ፣ ከጠፋ በኋላ በዲቫይደሩ ማብሪያ አስነሣዋለሁ። ለማስነሣት ብቻ ነው እንጂ ለማጥፋት አይደለም፤ እየሠራ ያለን ኮምፒውተር ከዲቫይደር ማጥፋት ኬብሉን ከመንቀል አይለይም።

በኔትወርክ ማስነሣትም ይቻላል። ከስልክ ወይም ከሌላ ኮምፒውተር የሚላከው መልእክት 102 ባይት ብቻ ነው፦ መጀመሪያ ስድስት ባይት ጥሪ፣ ቀጥሎ የኔትወርክ ካርዱ ባለ ስድስት ባይት አድራሻ አሥራ ስድስት ጊዜ ተደጋግሞ። የኔትወርክ ካርዱ ሌላው ሁሉ ተኝቶ ሳለ ይህችን ተከታታይ ብቻ እየጠበቀ ይቆያል፤ ቀላልነቱ ያስደስተኛል። በኬብል ለተገናኘ ኮምፒውተር ደህና ይሠራል፤ በዋይፋይ ግን አልተሳካልኝም።

እነዚህ ሁሉ ለማስነሣት ናቸው። የደረቀ ኮምፒውተር በግድ ለማጥፋት፣ ኤሌክትሪኩን ከመንቀል በቀር፣ ከቁልፉ ሌላ መላ የለም፤ ከኔትወርክ መግባቱም የሚረዳው ሲስተሙ በሕይወት ካለ ብቻ ነው።

የራሴን አልሸጠውም። ፍጥነቱን፣ ዝምታውን የሚተካልኝ አላገኘሁም፤ ከመቆሚያው ጋር ተስማምተናል። ለሚጠይቁኝ ሰዎች ግን አሁን ቀድሜ የምጠይቀው ማን እንደሚጠቀምበትና የት እንደሚቀመጥ ነው። ጣቱ የሚያመው ሰው ከሆነ፣ ብዙ ሰው የሚጋራው ከሆነ፣ ወይም መደርደሪያ ውስጥ የሚገባ ከሆነ፣ ትንሽ ገዘፍ ያለ ቢሆንም ቁልፉ ከፊት የሆነ ፈልጉ እላቸዋለሁ።

የእናቴን ቀየርኩላት። አዲሱ ዘገም ይላል፣ ጠረጴዛዋ ላይም ሰፋ ያለ ቦታ ይይዛል፤ ቁልፉ ግን ከፊት ነው፣ ወጣ ብሎ ክብ ሆኖ፣ ሲበራ ዙሪያው ሰማያዊ ይሆናል። መብራት ሲሄድና ሲመጣ ራሷ አብርታ እህቴን ትደውልላታለች። የድሮው እኔ ዘንድ ነው፤ ራሱ እንዲነሣ አስተካክዬው፣ ስክሪንም ኪቦርድም ሳይኖረው፣ የፎቶዎቹን ሁለተኛ ባክአፕ እየያዘ መደርደሪያው ላይ ይሠራል።