የቦስተኑ የሻይ መርከብ ሙዚየም፦ ከመግባታችሁ በፊት ስለ ሦስቷ ፔንስ

ከሳውዝ ስቴሽን ወጥታችሁ በኮንግረስ ጎዳና ወደ ውሃው ብትወርዱ አስር ደቂቃ ሳይሞላ ድልድዩ ላይ ትደርሳላችሁ። ሙዚየሙ የሚዘክረው ቦስተኖች በእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ሥር ሳሉ በ1773 ቀረጥ ያለበትን ሻይ ባህር ውስጥ የደፉበትን ምሽት፣ «የቦስተን የሻይ ግብዣ» የሚባለውን ነው። እዚያው ድልድዩ ጥግ ነው፤ «ቢቨር» እና «ኤሌነር» የተባሉ ባለሸራ መርከቦች ታስረውበታል። ሁለቱም ቅጂ ናቸው። ቦታው በ2001 እና በ2007 በእሳት ተጎድቶ ለዓመታት ተዘግቶ ከቆየ በኋላ በ2012 እንደገና ተከፈተ (እዚህ ያሉት ዓመታትና ቀናት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። መኪና ይዞ መሄድ አይመከርም፤ የአካባቢው የፓርኪንግ ሂሳብ ከመግቢያው ቲኬት ጋር ሊፎካከር ይችላል።

ቲኬቱ ለአዋቂ ከ30 ዶላር በላይ ነው፤ ለሙዚየም ውድ የሚባል ነው። ግን የሚከፈለው ለዕቃ ማሳያ ሳይሆን ለቲያትር መሆኑን ማወቅ ይገባል። መግቢያው በሰዓት የተከፋፈለ ስለሆነ ቀድሞ በኢንተርኔት መያዝ ነው፤ በተለይ በበጋው የትምህርት እረፍት ወቅት። መጀመሪያ የስብሰባ አዳራሽ በሚመስል ክፍል ውስጥ ትቀመጣላችሁ፤ ላባ እና በዚያ ምሽት የነበረ ሰው ስም የተጻፈበት ካርድ ይሰጣችኋል። የተቃውሞውን መሪ ሳሙኤል አዳምስን የሚጫወተው ተዋናይ ሲናገር የደገፈ «ሃዛ!» የተቃወመ «ፋይ!» እያለ ይጮኻል። ቀጥሎ ወደ መርከቡ ተወጥቶ የሻይ ሳጥን ወደ ውሃ ይወረወራል። ሁሉም ነገር አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። መርከቡ ላይ ያለው ክፍል ደጅ ስለሆነ በክረምት ነፋሱ አይቻልም፤ ወደ መርከቡ ሆድ የሚያወርደው ደረጃም ቀጥ ያለ ነው፤ ጉልበቱን የሚያመው ሰው ያስብበት።

ሳጥኑን ልጆች ይወዱታል። በገመድ የታሰረ ቀላል ሳጥን ነው፤ ወርውረው ሲጨርሱ ተስቦ ለቀጣዩ ተረኛ ይመለሳል። ችግሩም እዚህ ላይ ነው፤ ነገሩ የአምስት ሰከንድ ቧልት መስሎ ይቀራል። በታህሳስ 16 ቀን 1773 ምሽት የተጣለው 340 ሳጥን ነው (342 የሚል ቁጥርም ያጋጥማችኋል)። ሻዩ 92,000 ፓውንድ፣ በእኛ አነጋገር ከ410 ኩንታል በላይ ይመዝናል። ቦሂ የተባለው ሻይ ሙሉ ሳጥኑ ብቻውን ከአንድ ኩንታል ተኩል ያላነሰ ነበርና አንስቶ መወርወር የሚባል ነገር የለም። ከመርከቡ ሆድ በገመድና በመዘውር ይወጣል፣ በመጥረቢያ ይሰበራል፣ ውስጡ የተለበጠው የእርሳስ ብረት ይቀደዳል፣ ሻዩ ይደፋል፣ በመጨረሻ ባዶው ሳጥን ይከተላል። ከመቶ በላይ ሰዎች ተባብረው እንኳ ወደ ሦስት ሰዓት ወስዶባቸዋል። በዚያ ላይ ባህሩ ሸሽቶ ነበር፤ ውሃው ጥልቀት ስላልነበረው ሻዩ እንደ ገለባ ክምር ከመርከቡ ጎን ቆመ። በማግስቱ ጠዋት ተንሳፍፎ የቀረውን በጀልባ ሄደው በመቅዘፊያ እየደበደቡ አሰጠሙት። መርከቡ ላይ ስትቆሙ ወደ ታች ውሃውን እያያችሁ ይህን አስቡ፤ የቲኬቱ ግማሽ ዋጋ የሚመለሰው ያኔ ነው።

አዳራሹ ውስጥ ስትጮኹ ደግሞ ነገሩ ሁሉ «ግብር በዛብን» የሚል ይመስላል። አልነበረም። በግንቦት 1773 የወጣው የሻይ አዋጅ አዲስ ቀረጥ አልጣለም፤ እንዲያውም ሻዩን አርክሶታል። የእንግሊዙ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ መጋዘኑ ባልተሸጠ ሻይ ተጨናንቆ ሊከስር ደርሶ ነበር። አዋጁ እንግሊዝ ውስጥ የሚከፈለውን ቀረጥ አንስቶለት፣ የለንደን ነጋዴዎችን ጫረታ ዘሎ፣ ራሱ በመረጣቸው ወኪሎች በኩል በቀጥታ አሜሪካ እንዲሸጥ ፈቀደለት። የቀረችው ከ1767 ጀምሮ የነበረችው በአንድ ፓውንድ ክብደት ሦስት ፔንስ (የእንግሊዝ ሳንቲም) ቀረጥ ብቻ ናት። ሂሳቡን ብትሠሩት 92,000 በሦስት ሲባዛ 276,000 ፔንስ፣ በዘመኑ ምንዛሪ (240 ፔንስ አንድ ፓውንድ ስተርሊንግ ነበር) 1,150 ፓውንድ ስተርሊንግ ነው። ኩባንያው ጠፋብኝ ያለው ሻይ ግን 9,659 ፓውንድ ስተርሊንግ ያወጣ ነበር። በርካሹ ሻይ ገበያ የሚዘጋበት ኮንትሮባንዲስትና ከወኪልነቱ የተገለለው ነጋዴ በጥቅሙ ተነሳ፤ ከወኪሎቹ መካከል የአገረ ገዢው የሃቺንሰን ልጆች ነበሩበት። ሌላው ሰው ደግሞ እኛ ያልመረጥነው ፓርላማ ሦስት ፔንስ ካስከፈለን ነገ ሠላሳ ከማስከፈል ምን ያግደዋል አለ። ይህን ይዞ የገባ ጎብኚ የተዋናዩን ንግግር በሌላ ጆሮ ይሰማዋል።

ለምን ያን ዕለት ማታ? የጉሙሩክ ደንብ ነው። ወደብ የገባ ጭነት በ20 ቀን ውስጥ ቀረጡ ካልተከፈለ ይወረሳል። ሻዩን ከጫኑት መርከቦች አንዷ «ዳርትመዝ» የገባችው ኅዳር 28 ስለነበር ቀነ ገደቡ ታህሳስ 17 ነው። ባለመርከቡ ሻዩን እንደያዘ ልመለስ ብሎ የመውጫ ፈቃድ ጠየቀ፤ ሃቺንሰን ከለከለ። ከተወረሰ ደግሞ ጉሙሩክ ሸጦ ቀረጡን ያገኛል። አንድ ሌሊት ብቻ ቀርቷቸው ነበር።

ውስጥ ካሉት ዕቃዎች የሚያስቆመው አንድ ነው፤ ከዚያ ምሽት ተርፈዋል ከሚባሉት ሁለት ሳጥኖች አንዱ። አንድ ወጣት በማግስቱ ከባህሩ ዳር አንስቶት ቤተሰቡ በትውልድ ቅብብል ያቆየው ትንሽ የእንጨት ሳጥን ነው። አትቸኩሉበት። የሚያወሩት የግድግዳ ሥዕሎች ይዝለሉ ቢባል አያስቆጭም።

ጉብኝቱ የአሜሪካ የነጻነት ጦርነት በተጀመረበት በ1775 በሚያበቃ ፊልም ይዘጋል። የሻዩ ስም ግን እዚያ አላቆመም። በየካቲት 2009 የቢዝነስ ቴሌቪዥኑ የሲኤንቢሲ ዘጋቢ ሪክ ሳንቴሊ ከቺካጎ የገበያ አዳራሽ ሆኖ የመንግሥትን የቤት ብድር ድጎማ እያወገዘ «የቺካጎ የሻይ ግብዣ» ጠራ። ሚያዝያ 15፣ የግብር ማስታወቂያ የመጨረሻ ቀን፣ በየከተማው ሰልፍ ወጣ፤ በቀጣዩ ዓመት ምርጫ ሪፐብሊካኖች በምክር ቤቱ 63 ወንበር ጨመሩ። እነዚህ ሰልፈኞች ግን የመረጧቸው እንደራሴዎች ነበሯቸው፤ ቅሬታቸው የመንግሥት ወጪና የግብሩ ብዛት ነው። የ1773ቱን ጥያቄ እንዳለ ያነሳው የዋሽንግተን ዲሲ መኪና ታርጋ ነው። ከ2000 ጀምሮ «ውክልና የሌለው ግብር» የሚል ተጽፎበታል፤ የዲሲ ነዋሪ የፌዴራል ግብር እየከፈለ ሴናተር የለውም፣ ምክር ቤት ያለችው ተወካይም በሕግ ማጽደቂያው ላይ ድምፅ አትሰጥም። ከዲሲ ለጉብኝት የምትሄዱ ሐበሾች መፈክሩን በየቀኑ ከፊታችሁ ያለው መኪና ላይ ስታነቡት ከርማችኋል።

ግማሽ ቀን ካላችሁ ቅደም ተከተሉን ገልብጡት። መጀመሪያ ዋሽንግተን ጎዳና ላይ ያለውን ኦልድ ሳውዝ የስብሰባ ቤት እዩ። በ1729 የተሠራው እውነተኛው አዳራሽ ነው፤ ያን ዕለት ወደ 5,000 ሰው እንደታደመ ይነገራል። ጸጥ ያለ ነው፤ ከዚያ ሩብ ሰዓት ገደማ በእግር ወደ መርከቦቹ ትወርዳላችሁ። የጥንቱ የግሪፊን ወደብ ራሱ ዛሬ አፈር ተሞልቶበት ህንጻ ስለቆመበት ፍለጋ አትድከሙ።

መውጫው ላይ አቢጌል የተባለ ሻይ ቤት አለ። ስሙ በኋላ ፕሬዚዳንት የሆነውን የጆን አዳምስን ሚስት ማስታወሱ አይቀርም፤ ያ ከሆነ ያስቃል፤ አዳምስ በሐምሌ 1774 ለእሷ በጻፈው ደብዳቤ ያረፈበት ቤት እመቤት ሻይ አላፈላም ብላ ቡና ስላቀረበችለት ከዚያ ወዲህ በየከሰዓቱ ቡና እንደሚጠጣ ነግሯታል። እዚህ ባህር ውስጥ የገቡት አምስቱም ዓይነቶች ይቀመሳሉ፤ ሁሉም የቻይና ናቸው። ከ340ው ሳጥን 240ው ቦሂ ነበር፤ ርካሹ ጥቁር ሻይ። ቅርንፉድና ቀረፋ ለለመደ ምላስ ቀጠን ይላል፤ ስኳር ግን ይቀበላል። ለቤት የሚገዛው ሃይሰን ነው፤ አረንጓዴ ስለሆነ እንደ እኛ ሻይ እሳት ላይ ማንተክተክ መራራ ያደርገዋል። ውሃው ከፈላ በኋላ ሦስት አራት ደቂቃ ይቀዝቅዝ፣ ለአንድ ስኒ አንድ የሻይ ማንኪያ ቅጠል ይግባበት፣ ከሦስት ደቂቃ ሳያልፍ ይጠለል። በዚያው ቅጠል ሁለተኛ ዙር ይወጣዋል።