የአደን ጠመንጃን አፈሙዝ ለመወልወል፦ ገመድ ወይስ ዘንግ ከነሐስ ብሩሽ ጋር?

ሱሉልታ ወይም ሰበታ ዳር ፈቃድ ያለው ሾትገን ቤቱ ላስቀመጠ ሰው፣ በተለይ ክረምት ሲገባ፣ አፈሙዝ መወልወል የውዴታ ሥራ አይደለም። እርጥበቱ ብረት አይምርም።

በአፈሙዙ ውስጥ እየተሳበ የሚጠርገው የጽዳት ገመድ ፈጣን ነው። ጠመንጃው ባዶ መሆኑን ካረጋገጡ በኋላ ጥይት በሚገባበት በኩል አስገብቶ በጫፉ መሳብ ነው፤ አቧራና የባሩድ ጥላሸት ይወጣል። ከዚያ በላይ አትጠብቁበት። (ገመዱ ራሱ ካልታጠበ ደግሞ ቆሻሻውን መልሶ ይቀባዋል።)

ዘንጉ ሌላ ነገር ነው። የሾትገን ጥይት የእርሳስ ፍሬዎቹን የሚይዝ የፕላስቲክ ማቀፊያ አለው፤ ሲተኮስ አፈሙዙ ውስጥ ስስ ሽፋን ይተዋል። እሱና የእርሳሱ ቅሪት አብዝተው የሚጋገሩት ከጥይት ማረፊያው ፊት ለፊት በሚጠብበት ቦታና ጫፉ ላይ ባለው ቾክ (የፍሬዎቹን ስርጭት የሚወስን ጠባብ ክፍል) ውስጥ ነው። ሽፋኑ ሲወፍር የፍሬዎቹ ስርጭት ወጥነት ሊያጣ ይችላል። ይህን ገመድ አይፈታውም። ማሟሟያ ቀብቶ ጥቂት ደቂቃ መተው፣ ብሩሹን ከኋላ ወደ ፊት እየገፉ መፈተግ፣ በዘንጉ ጨርቅ እያሳለፉ መጥረግ፣ ጨርቁ ንጹሕ ሆኖ እስኪወጣ መድገም፣ ከዚያ ስስ ዘይት መቀባት ያስፈልጋል። ነሐስ ከአፈሙዙ ብረት ስለሚለሰልስ አይቧጭረውም፤ የዕቃ ማጠቢያ ሽቦ ግን አይሞከር። ላምባም ጥላሸቱን ያለሰልሳል እንጂ ለፕላስቲኩ እምብዛም አይረዳም።

ገንዘቤ ለአንዱ ብቻ ቢበቃ ዘንጉን እገዛለሁ። ቾኩ የሚፈታ ከሆነ አውጥታችሁ ጥርሱንም አጽዱት፤ ስትመልሱት ትንሽ ግሪስ ካልነካ ዝገት ይዞት በሚቀጥለው ጊዜ አልፈታ ይላል።